ደመወዝ ወይስ ኮንትራት? በደሴና በኮምቦልቻ ከቅጥር ለመውጣት ለሚያስብ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል፣ ወይም ደሴ በአንድ ተቋራጭ ሥር በወር ደመወዝ የሚሠራ ኤሌክትሪሻን እሁድ እሁድ የግለሰብ ቤት ይይዛል። የአራት እሁድ ገቢው የወሩን ደመወዝ ሲሦ ሲጠጋ «እሁድ ብቻ ይህን ካገኘሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ብሠራማ!» ማለት ይጀምራል። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእሁዱ ሥራ ትርፍ የሚመስለው የቤት ኪራዩን፣ ሕመሙን፣ ሥራ የጠፋበትን ቀን ደመወዙ ስለሚሸፍንለት ነው። ደመወዙ ሲቀር ያን ሁሉ የሚሸከመው ያው የእሁዱ ገንዘብ ይሆናል።

ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ናቸው። ቧንቧ፣ ሴራሚክ ወይም ብየዳ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን በራሱ እየተካ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ደመወዙ በእርግጥ ስንት ነው?

ለስሌት ያህል ጥቅል ደመወዙ 15,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ ግብሩ 3,200 ብር ነው። 7 በመቶ ጡረታ 1,050 ብር ይሆናል። እጁ የሚገባው 10,750 ብር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከኮንትራት ገቢ ጋር የሚያወዳድረውም ይህንኑ ነው።

ማወዳደር ያለበት ግን ሌላውን ቁጥር ነው። አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,650 ብር በየወሩ ለጡረታ ይጨምርለታል። ጥቅል ደመወዙና ይህ መዋጮ በ12 ወር ሲባዙ 199,800 ብር ይመጣሉ። በኮንትራት ሲወጣ ከግብር በፊት መተካት ያለበት ገንዘብ ይህ ነው።

በብር ያልተተመነውም ብዙ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥለው ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያለ ክፍያ ቦታው ይጠበቅለታል። የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሦስት ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል። በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስበት፣ ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀር፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ኃላፊው አሠሪው ነው። በራሱ ኃላፊነት በኮንትራት የሚሠራ ሰውን ግን አዋጁ ጨርሶ አይመለከተውም።

የሚከፈልባቸው ቀናት

ኮንትራት ላይ ገንዘብ የሚያመጣው ቀን ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ከ365 ቀን 52 እሁድ ሲወጣ 313 ይቀራል። የሕዝብ በዓላት 13 ያህል ይወስዳሉ፤ 300። የዓመት ፈቃድ ያህል 16 ቀን ለራስ ካረፉ 284፣ ለሕመምና ለለቅሶ 10 ቀን ካሰቡ 274። ወሎ ውስጥ የቅሬ (የቀብር ዕድር) ግዴታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀብር እያለ ሳይት ላይ የተገኘ ሰው ሥራ የሚያመጡለትን ሰዎች ነው የሚያስቀይመው።

ቀጥሎ ዝናቡ ይመጣል። የሐምሌና የነሐሴ ክረምት ብቻ አይደለም፤ የወሎ ደጋ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግም ይቀበላል። ኤሌክትሪሻን ከግንበኛ ይሻላል፣ ሥራው ጣሪያ ሥር ነውና። ሆኖም ግንበኛው ሲቆም ልሳኙ ይቆማል፣ ልሳኙ ሲቆም ገመድ የሚስበው ይቆማል። መብራት ከጠፋ ድሪሉና ግራይንደሩም ይቆማሉ። ለዚህ ሁሉ 34 ቀን ብናስብ 240 ቀን ይቀራል። ሥራ ለማየት፣ ዋጋ ለመስጠት፣ ዕቃ ለማስመረጥና ያልተከፈለ ገንዘብ ለመጠየቅ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው 190 ቀን አካባቢ ነው።

አሁን ስሌቱን እንዝጋው። ለመሣሪያ መተኪያ 20,000፣ ለመጓጓዣ 24,000፣ ለስልክ፣ ለፈቃድና ለሂሳብ ሠራተኛ 15,000 ብር በዓመት ብንይዝ 59,000 ይሆናል። 199,800 ሲደመር 258,800 ብር ነው። ከሚጠየቀው ገንዘብ አንድ አሥረኛው የማይሰበሰብ ወይም ከዓመት በላይ የሚዘገይ ነው ብለን ብናስብ፣ መጠየቅ ያለበት 287,500 ብር ገደማ ነው። ለ190 ቀን ሲካፈል በቀን 1,500 ብር አካባቢ ይወጣል። ይህ የረዳት ክፍያንም ሆነ የዕቃ ዋጋን አይጨምርም፤ የእርስዎ የራስዎ የቀን ዋጋ ነው።

የ15,000 ብሩ ደመወዝ ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል 577 ብር ነው። ስለዚህ በኮንትራት ቀን ዋጋዎ የቅጥር ቀን ዋጋዎን ሁለት ተኩል እጥፍ ካልደረሰ፣ ብዙ ገንዘብ እየቆጠሩ ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚኖሩት። የእሁድ ሥራዎን በዚህ ይለኩት። እሁድ አሁን 900 ብር የሚያስገኝ ከሆነ ጥሩ የእሁድ ገቢ ነው፤ ለመውጣት ግን አይበቃም።

በቀን፣ በፖይንት ወይስ በጥቅል?

ከቅጥር የወጣ ሰው ሦስት ዓይነት የዋጋ አሰጣጥ ያጋጥመዋል። በቀን መሥራት አደጋው ትንሽ ነው፣ ዕድገቱም ትንሽ። በጥቅል («ቤቱን በሙሉ በዚህ ጨርስልኝ») የሚገባ ሰው የባለቤቱን ሐሳብ መለወጥ ሁሉ በራሱ ኪስ ይሸከማል። ለጀማሪ የሚሻለው በፖይንት (በእያንዳንዱ የሶኬት፣ የማብሪያና የመብራት ቦታ ቁጥር) የእጅ ዋጋ መያዝና ዕቃውን ባለቤቱ እንዲገዛ ማድረግ ነው። ዕቃ ጨምረው ከያዙ በውሉና በግዢው መካከል የገመድ ዋጋ ቢጨምር ልዩነቱ የእርስዎ ዕዳ ነው።

በፖይንት ሲይዙ መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው። ብሎኬት በግራይንደርና በስካርፔሎ ቶሎ ይከፈታል። ኮለንና ቢም (የአርማታ ምሰሶና አግዳሚ) ላይ ኮንዲዩቱ (የገመድ ቱቦው) ከአርማታ በፊት ካልገባ አንድ ፖይንት የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። የደሴ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ሲቦረቦሩ ይረግፋሉ፤ እነሱን በግድግዳው ፊት በትራንኪንግ (ክዳን ባለው የፕላስቲክ የገመድ ሳጥን) መሥራት ይሻላል፣ ዋጋቸውም ለብቻ ይጻፋል። «ብሎኬት ይህን ያህል፣ አርማታ ይህን ያህል» ብሎ በሁለት መስመር ያልተጻፈ ውል ጠብ ያመጣል።

40 ፖይንት ያለው የብሎኬት ቤት ለአንድ ባለሙያና ለአንድ ረዳት 10 ቀን ያህል ይፈጃል፦ 4 ቀን ለቱቦና ለሳጥን፣ 3 ቀን ለገመድ መሳብ፣ 2 ቀን ለሶኬት፣ ለማብሪያና ለቦርድ፣ 1 ቀን ለፍተሻ። እነዚህ ቀናት ግን አይከታተሉም። ከቱቦው በኋላ ልስን አለ፣ ከገመዱ በኋላ ቀለም አለ። ሦስቱ ምልልሶች በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ተበታትነው ይመጣሉ። ወሩን ለመሙላት በአንድ ጊዜ አራት አምስት ቤት መያዝ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተቀጣሪ ሆኖ ይህን መርሐ ግብር የሚያወጣው ፎርማኑ ነበር፤ አሁን እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር በቅርበት እንይ፤ የእንጀራ ምጣድ። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ነው። ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ «ከሌላው ሶኬት ጋር አብረህ ሳበው» ይላል፤ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ላይ ከፍሪጁ ጋር ተቀጥሎ ባለ 16 አምፒር ሶኬት ይገባል። ችግሩ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ምጣዱ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ሲሠራ መጀመሪያ የሚግለው የሶኬቱ መጋጠሚያ ነው፤ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ብሎኑ ይላላል፣ መላላቱ ደግሞ ሙቀቱን ያብሰዋል። ለምጣድ ከቦርዱ የተለየ መስመር በ4 ገመድ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ በ6፣ ከራሱ 25 አምፒር ብሬከርና ከመሬት መስመር ጋር ይዘረጋል። ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው ሳለ ይህን ቢያበላሹ ለመጠገን የሄዱበት ቀንም ደመወዝ አለው። በኮንትራት ግን የመመለሻው ቀን፣ የታክሲውና የሶኬቱ ዋጋ የእርስዎ ነው፤ ስምዎም አብሮ ይጠቁራል። ባለቤቱ እንቢ ካለ «ምጣዱ በጋራ መስመር እንዲሆን ባለቤቱ ወስነዋል» ብለው ጽፈው ያስፈርሙ። ብዙዎቹ ብዕሩን ሲያዩ የ4 ገመዱን ይገዛሉ።

ገንዘቡ መቼ ይገባል

ኮንትራት ውስጥ ገብተው ወደ ቅጥር የሚመለሱት አብዛኞቹ ሥራ አጥተው አይደለም፤ የሠሩበት ገንዘብ ሰው እጅ ቀርቶ ነው። ክፍያው የሚከፋፈለው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሥራውን ማቆም በሚችሉበት ነጥብ ላይ መሆን አለበት። ለአንድ ቤት የሚሆን አከፋፈል ይህን ይመስላል፦ ሲጀመር ቀብድ 30 በመቶ፣ ቱቦው ልስን ሳይመጣበት ተቆጥሮ 25፣ ገመዱ ተስቦ 25፣ ሶኬትና ቦርድ ተገጥሞ 15፣ ከፍተሻ በኋላ 5። ብዙ ሰው ግማሹን መጨረሻ ላይ ይተዋል። መብራቱ ከበራ በኋላ የሚጠየቅ ትልቅ ገንዘብ ባለቤቱን አያስቸኩለውም።

ፖይንት የሚቆጠረው ልስን ከመምጣቱ በፊት፣ ከባለቤቱ ወይም ከወኪሉ ጋር፣ እየተፈረመ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቱቦው የት እንዳለፈ ያሳያል፣ ኋላም የቴሌቪዥን መስቀያ ሲመታ ገመዱን ማን እንደበሳው ይለያል።

የግለሰብ ቤት ውል አንድ ገጽ ይበቃዋል። የፖይንት ዋጋ፣ የአከፋፈሉ ነጥቦች፣ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የተጨማሪ ሥራ ዋጋ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። የአገር ሰው ነው፣ ዘመድ ነው ተብሎ በቃል የሚያዝ ሥራ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው፤ ሽማግሌም አይጠፋም። ሽማግሌ ግን የሚያስታርቀው የተጻፈ ነገር ሲኖር ፈጥኖ ነው።

ፋብሪካ፣ ባንክ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፍለው አይጠፋም፣ ይዘገያል እንጂ። እነሱ ጋር ለመሥራት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና ደረሰኝ ያስፈልጋል። ከ10,000 ብር በላይ በሆነ የአገልግሎት ክፍያ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ቆርጠው ያስቀራሉ፤ በ60,000 ብር ላይ 1,800 ብር ማለት ነው። ይህ ከዓመቱ ግብርዎ የሚታሰብ ስለሆነ የተቆረጠበትን ደረሰኝ በዕለቱ ይቀበሉ። ደረሰኙ ከጠፋ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመንግሥት ሥራ ክፍያ ሰኔ ላይ ይጣደፋል፤ ሰነዱን ግንቦት ላይ ያላስገባ ሰው ወደ አዲሱ በጀት ይሻገራል።

ረዳቱ ቢወድቅ

ይህን ማንም አስቀድሞ አያስበውም። ለብቻዎ ሲሠሩ ቢጎዱ ኪሳራው የራስዎ ነው። ረዳት በደመወዝ ይዘው ሲሠሩ ግን እርስዎ አሠሪ ሆነዋል፤ ከፖንቴ ቢወድቅ ወይም ኤሌክትሪክ ቢይዘው ሕክምናውና ካሳው ወደ እርስዎ ይመጣል። «ወንድሜ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ነው» ማለት ሕጉን አይለውጠውም። ጓንት፣ የራስ ቁር፣ የሚቆለፍ ብሬከርና ደህና መሰላል ከመጀመሪያው ወጪ ውስጥ ይግቡ። ሕንፃ ላይ ከፍታ ያለው ሥራ ከመያዝዎ በፊትም የሠራተኛ አደጋ መድን ዋጋ ከአንድ የመድን ድርጅት ያስጠይቁ። የፖይንት ዋጋዎ ያንን ካልቻለ ሥራው ርካሽ ተይዟል።

በመካከል ያሉት መንገዶች

ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ከሁለቱም ጫፍ አይደለም። የዓመት ፈቃድን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ወጥቶ፣ 16 ቀኑን ሙሉ እንደ ኮንትራክተር መሥራት ርካሽ ሙከራ ነው፤ በተለይ ገንዘብ የመሰብሰቡ ነገር እንዴት እንደሚያደክም ያሳያል። በአንድ ትልቅ ተቋራጭ ሥር በሰብ ኮንትራት መግባት ሥራ የመፈለጉን ጣጣ ያቀላል። ነገር ግን እሱ ሳይከፈለው እርስዎም አይከፈልዎትም። ከቧንቧና ከቀለም ባለሙያ ጋር ተደራጅቶ አንድ ቤት በጋራ መያዝ ደግሞ የምልልሱን ብክነት ይቀንሳል፤ ልስኑ መቼ እንደሚደርስ ከራስ ባልደረባ ይሰማል።

አንድ መንገድ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አሠሪው «ልቀቅና በኮንትራት አሠራሃለሁ፣ ክፍያህንም ትንሽ እጨምራለሁ» ሲል፣ የሚገቡበት ሰዓት ያው ከሆነ፣ መሣሪያው የሱ ከሆነ፣ የሚያዝዎት ፎርማን ያው ከሆነ፣ ሌላ ደንበኛ መያዝም ካልተፈቀደ፣ የተለወጠው የወረቀቱ ስም ብቻ ነው። እሱ 11 በመቶውን፣ የዓመት ፈቃዱንና የአደጋ ኃላፊነቱን ጥሏል። የተጨመረው ቢያንስ ይህን ሁሉ ካልሸፈነ አይፈርሙ። በሌላ ሰው አመራር ሥር በደመወዝ መሥራት በሕግ የሥራ ውል መሆኑንም ይወቁ።

በቅጥር መቆየትም ብረት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ቆመዋል። በዚያው ዓመት አገሪቱ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ያሉባቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች ተጎድተዋል። አንድ ደመወዝ ከፋይ ያለው ሰው በአንድ ደብዳቤ ገቢው ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ደንበኛ ያለው ግን አንዱ ቢቀር አራት ይቀሩታል። ስለዚህ ፋብሪካው እየተንገዳገደ ከሆነ የመውጫው ሚዛን ይለወጣል።

በደፈናው እንዲህ ነው፦ የሚጠይቁት ዋጋ ሁለት ተኩል እጥፉን ከሞላ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሦስት ሥራ ሰጪዎች ካሉዎት፣ የስድስት ወር የቤት ወጪም ለብቻ ከተቀመጠ ይውጡ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይቆዩና ያንን ይሙሉ። የቤቱ ገቢ በእርስዎ ብቻ የሚደገፍ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ሕክምና የሚከታተል ሰው ካለ ስድስቱ ወር ዘጠኝ ይሁን።

ሲወጡ

ደብዳቤ ከማስገባትዎ በፊት ብድርና ዋስትና ያጣሩ። በደመወዝዎ የባንክ ብድር ወስደው ከሆነ ወይም ለባልደረባ ዋስ ገብተው ከሆነ ክሊራንሱ (ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫው) እዚያ ላይ ይቆማል። ብድር የሚፈልጉ ከሆነም በደመወዝ ላይ ሳሉ መጠየቅ ይቀላል። ወርኃዊ ዕቁብ ያለው ሰው ቢቻል ከሥራው ሳይወጣ በፊት የዕጣውን መጠን ይቀንስ፤ ገቢው ወጣ ገባ ሲል ከባዱ ነገር የዕቁብ ቀን ነው።

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው፤ በጽሑፍ ሰጥተው ግልባጩ ላይ የተቀበሉበትን ፊርማና ቀን ያስይዙ። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። 8 ዓመት የሠራ ሰው 100 ቀን ይደርሰዋል፤ ቀኑ በ500 ብር ቢታሰብ 50,000 ብር ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር መታገሥ ያዋጣዋል። ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ተዘግቶ መከፈል አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ ስሌት አይመለከታቸውም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው «ኤሌክትሪሻን» ብቻ እንዳይል ያድርጉ፤ የሠሩበትን ዓይነት፣ ዝርጋታውን፣ የሞተር ጥገናውን፣ የቦርድ ሥራውን በዝርዝር ያስጽፉት። የብቃት ማረጋገጫና ትልልቅ ሥራ ሲጠይቁ የሚታየው እሱ ነው። የጡረታ መዋጮዎ በትክክለኛው ስምና ቁጥር መግባቱን ሳይለቁ ያረጋግጡ፤ ከለቀቁ በኋላ ስም ማስተካከል የቀድሞ አሠሪን ደጅ መጥናት ነው።

ወሩንም ይምረጡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የወጣ ሰው ስንቁን በክረምቱ ይበላዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መስከረም ማብቂያ ላይ መውጣት ይሻላል፤ ከመስቀል በኋላ ያደረው ግንባታ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ እስከ በልጉም አራት ወር ያህል ይገኛል። በእነዚያ ወራት የመጀመሪያዎቹን ቤቶች በቀብድ ይያዙ፤ ከገባው ገንዘብ ከእያንዳንዱ 100 ብር 20ውን ለግብርና ለክረምት በሌላ ሂሳብ ደብተር ያስቀምጡ።